ወንድሜ ያላየው ትዳር

ባል አለኝ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው የሚመስለኝ። ልዩነቱ የእኔው በሰማይ ሳይሆን ቶንጋ ውስጥ፣ ሃአፓይ ደሴት ላይ ተቀምጦ ዓሣ እያጠመደ በየማታው የሚደውልልኝ መሆኑ ነው።

ሶሳያ ይባላል። እኔ ወዳለሁበት ወደ አውስትራሊያዋ ሚልዱራ የመጣው እንደ ሌላው የደሴት ልጅ ወይን ሊለቅም፣ ለቀማው ሲያልቅ ሊመለስ ነበር። እኔ እዚሁ የወይን ማሸጊያው ውስጥ ሳጥን ስሞላ ነው ጎልማሳ የሆንኩት። የአውስትራሊያ ዜግነት ካገኘሁም ቆየሁ። አርባን ተሻግሬ «ሉሴያኔ እንግዲህ ቆማ ቀረች» ተብሎ ፋይሌ ተዘግቶ ነበር። አንድ እሑድ ከመዘምራኑ ኋላ ቆሞ ያንን ወፍራም ድምፁን ለቀቀው። የትኛው መዝሙር እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። መዝሙሬን ትቼ ወደ ኋላ መዞሬን ግን አልረሳውም።

ሃአፓይ ሄደን ተጋባን። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አሳማ ታረደ፣ የሁለታችንም ዘመዶች እስኪጠግቡ በሉ። ከዚያ በጉብኝት ፈቃድ መጥቶ ቤቴ ውስጥ ሦስት ወር ኖረ። ሦስት ወር! ሰው ጫማውን እንኳ በሦስት ወር አይለምድም። ፈቃዱ ሲያልቅ ሄደ፤ የባልነቱን ቪዛ እዚያው ሆኖ ይጠብቅ ተባለ። ይኸው ሁለት የወይን ለቀማ አለፈ።

«አንቺስ ለምን አትሄጂም?» የሚለኝ አዋቂ አይጠፋም። ሄጄስ? እዚያ ደሴት ላይ የእሱ እናትና የእኔ ታናናሾች የሚኖሩት እኔ እዚህ በምሞላው ሳጥን ነው። እኔ ከሄድኩ ሁላችንም አንድ ላይ ተቀምጠን ባሕሩን ማየት ነው። ባሕሩ ደግሞ ሲያዩት ያምራል እንጂ የትምህርት ቤት አይከፍልም።

እንግዲህ ትዳር ማስረጃ ይፈልጋል። ስንስቅ የተነሳነው ፎቶ፣ ስንበላ የተነሳነው ፎቶ፣ የተደዋወልንበት፣ የላክሁለት፣ የጻፈልኝ። እናቴና አባቴ የተጋቡበት ወረቀት የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ሰባት ልጅ ወልደው ግን ማንም «በእርግጥ ባልና ሚስት ናችሁ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። እኔ «ልቤ ናፈቀሽ» ብሎ የላከልኝን ሁሉ አትሜ ለማላውቀው ሰው ሰጠሁ። ሲታተም አጠገቤ የቆመው የማተሚያ ቤት ልጅ አቀርቅሮ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ይሳቅ።

የቪዛውን ጉዳይ የምትጨርስልኝ ግሌንዳ ትባላለች። ደግ ሴት ናት፣ ቢሮዋ ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው። መጀመሪያ ስሄድ «ቤትሽ ውስጥ ሌላ የሚኖር አለ?» አለችኝ።

«ወንድሜ ፌሌቲ። ጋራዡ ውስጥ።»

«ጋራዥ ውስጥ?» ብላ ብዕሯን አስቀመጠች። «ተጣልታችሁ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ስለሚያከብረኝ ነው።»

ግሌንዳ አልገባትም፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ግን ወዲያው ዓይኗ በራ። «እንዴት ያለ ነገር ነው! በአንድ ግቢ የሚኖር ወንድም! ከእሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? የምስክር ቃሉን ይስጥ» አለች። ያኔ አፌን ከፍቼ መናገር ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? ወንድምና እህት ለአቅመ አዳም ከደረሱ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም ብዬ? ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰዎች ከንፈር ሊገጥሙ ሲጠጋጉ ፌሌቲ ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ ብድግ ብሎ እንደሚወጣ ልንገራት? ባሌ ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ቤት ሲኖር ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ ሳሎን ገብቶ ከሁለታችን ጋር አልተቀመጠም። ወደ ቤቱ ሲመጣ ከበሩ ማዶ ሦስት ጊዜ ይስላል፤ ያኔ ሶሳያ ወደ ጓሮ ይወጣና ሁለቱ እዚያ ስለ ዓሣና ስለ ራግቢ ያወራሉ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አይወጣም። ወግ ነው። የእህት ትዳር የወንድም ጆሮ የሚሰማው ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ለግሌንዳ መናገር አፈርኩ። አገሩ የእነሱ፣ ሕጉ የእነሱ፤ እኔ ደግሞ ኋላቀር መስዬ መታየት አልፈለግሁም። «እሺ» ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ለፌሌቲ ራሴ መስጠት አልችልም። ለፓስተሩ ሚስት ሰጠኋት። እሷም ቁጭ ብላ አሳምራ ጻፈችው፤ «እህቴና ባለቤቷ በፍቅርና በመተሳሰብ ይኖራሉ» ምናምን የሚል፣ ስብከት የመሰለ ነገር። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ብዕርና ወረቀት ይዛ ሄደችበት። ፌሌቲ ስለ ምን እንደሆነ ሲገባው ፊቱን ወደ መኪናዎቹ አዙሮ እጁን ብቻ ዘረጋላት። እሷ ጣቷን አስቀምጣ «እዚህ ጋ» አለችው፤ ፈረመ። አንድ ፊደል አላነበበም። እንዴት ያንብብ! ከእኛ ወገን የተወለደ ወንድ ይህን ዓይኑን ሰክቶ ቢያነብ እኔ ራሴ እታዘበው ነበር።

ጉዱ የመጣው ወይኑ በሚገረዝበት ሰሞን ነው። ግሌንዳ ደወለችና «አሁኑኑ ነይ» አለችኝ። የማሸጊያውን ሽርጥ ሳላወልቅ ሄድኩ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ከኢሚግሬሽን የመጣ ነው። አንዲት ሠራተኛ ለፌሌቲ ደውላ ኖሯል፤ እሱ ትራክተር ላይ ሆኖ፣ ወይኑ መሐል። የተባባሉት ሁሉ ቃል በቃል ተጽፏል።

«ከእህትዎ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ?»

«እኖራለሁ።»

«እህትዎና ባለቤታቸው በአንድ ክፍል ነበር የሚያድሩት?»

«አላውቅም።»

«አብረው ሲቀመጡ፣ ሲጫወቱ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«በፍቅር እንደሚኖሩ ግን በጽሑፍ መስክረዋል።»

«አላነበብኩትም።»

«ታዲያ ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ ይላል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። ፌሌቲዬ! ትራክተሩ ላይ ላብ አጥምቆት፣ ጆሮው ቀልቶ፣ «አላውቅም» ሲል ታየኝ። ከዚያ የታችኛውን አነበብኩት። ትዳሩ እውነተኛ ስለመሆኑ ጥርጣሬ አለ፤ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁ ባለው ማስረጃ እንወስናለን። ግሌንዳ «መወሰን ማለት መከልከል ማለት ነው» አለችኝ። «ከተከለከለ ከዜሮ ነው። ገንዘቡም፣ ዓመቱም።»

«እሺ ምን ይሻላል?»

«ምን ይሻላል ማለት ምን ማለት ነው? ዛሬ ማታ ወንድምሽን ቁጭ አድርጊና 'እውነቱን ተናገር' በይው! ወንድምሽ አይደለም እንዴ?»

ወንድሜ ስለሆነ እኮ ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ግሌንዳ መሐረብ ሰጠችኝ። የምታለቅሺው ለምንድን ነው አላለችኝም፤ እሷ ያሰበችው ወንድሜ ባሌን እንደሚጠላው ነው።

ያን ቀን ማታ ፌሌቲ እንደ ወትሮው ከበሩ ማዶ ሦስት ጊዜ ስሎ ገባ፣ እጁን ታጥቦ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተቀመጠ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቷል። ጀርባዬን ሰጥቼው ካሳቫ እከትፋለሁ። መክተፍ ሳይሆን መፍለጥ በሉት።

«እትዬ፣ ቢላዋውን ልሳልልዎ?» አለኝ።

«ደህና ነው ቢላዋው።»

«ካልሆነ እኔ ልክተፈው።»

«ተው አልኩህ እኮ!»

እጁን ሰበሰበ። በሆዴ ግን፣ አንተ ደንቆሮ፣ አንዲት «አዎ» ማለት አቅቶህ ነው ቤቴን ያፈረስከው እያልኩ ነው። እሱ በላና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብሎ ሳህኑን አጥቦ ወጣ። የተሠራውን ሥራ እኔ ማወቄን አያውቅም፤ ምናልባትም ጉዳት መሥራቱን ራሱ አላወቀም። ማን ይንገረው? እኔ ብነግረው በምን አፌ? «ከባሌ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንደምተኛ ንገርልኝ» ብዬ ለእናቴ ልጅ? ብሞት አላደርገውም።

ሶሳያ ሲደውል ነገርኩት። ከበስተኋላው ዶሮ ይጮሃል፣ ነፋስ አለ። ሰማኝና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ፌሌቲ የተከበረ ሰው ነው። እኔም ብሆን ስለ እህቴ አልናገርም።»

«ታዲያ ከእህትህ ጋር ኑራ!» አልኩት። «ክብር ታቅፋችሁ ተኙ! እኔ እዚህ አልጋው ባዶ ሆኖ አስጠልቶኛል፣ አንተ ክብር ትለኛለህ!»

«ሉሴ...»

«ምን ሉሴ?»

«እናቴ፣ ሚስቱ አጠገቡ የሌለች ወንድ ተመልሶ ልጅ ይሆናል ትላለች። ሰው ሁሉ እዚህ 'ያቺ የአውስትራሊያዋ ረሳችህ' ይለኛል፣ እስቃለሁ። እያረርኩ እስቃለሁ። ከተከለከልን ግን፣ ሉሴ፣ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር አልችልም። እወድሻለሁ። ግን አልችልም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሻወር ቤት ገብቼ ውኃውን ከፈትኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እውነት ነው፣ የእኔ አልገደደም። ባሌን ላጣው ነው። በጠላት አይደለም፣ በሌላ ሴት አይደለም፣ በሚያከብረኝ ሰው ነው የማጣው። ይህን ለማን አቤት ይሉታል?

አንድ ሰው ቀረችኝ። የአባቴ እህት፣ አክስቴ ፓሲማታ። በእኛ ቤት የአባት እህት ከተናገረች ያለቀ ነው፤ ሰርጉም፣ ቀብሩም፣ የልጅ ስምም በእሷ ነው። አክስቴ ደግሞ እግዜር ሥልጣኑን የሰጣቸው ደስ እያላቸው እንዲጠቀሙበት ነው። ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል፣ እግራቸውን ስኳሩ አሳብጦታል፣ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነችም።

በእኛ ወግ ለክብር በወገብ የሚታጠቁትን ምንጣፌን ታጥቄ ሄድኩ። መሬት ተቀምጬ፣ እየጮህኩ፣ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጁ ያደረገው ትክክል ነው» አሉ።

«አውቃለሁ አክስቴ።»

«እንደ አባቱ ነው ያደረገው። አባትሽ እኔ ባል ሳገባ ሰርጌ ላይ አሳማውን ጠብሶ ሲያበቃ፣ ለመብላት እንኳ አልገባም።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ባልሽን ትፈልጊያለሽ።»

«እፈልገዋለሁ» አልኩ። «አክስቴ፣ ደክሞኛል። ከሥራ ስገባ ቤቱ ዝም ብሎ ያየኛል። ሳጥን መሙላት፣ መብላት፣ መተኛት። በቃኝ።»

አክስቴ ጉልበታቸውን እያሹ ቆዩ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አሉ በመጨረሻ። «ያቺ የመንግሥት ሴትዮ ሁለተኛ ትደውል። እዚህ፣ እኔ ፊት። እኔ ካዘዝኩት ኃጢአቱ የእኔ ነው። አንቺ ግን ቤቱ ውስጥ አትገኚም፤ ገብቶሻል?»

ግሌንዳ ጻፈች፣ ለመነች። ሠራተኛዋም ደግ ሆና ተስማማች፤ ቀን ተቆረጠ። ፌሌቲ በአክስቴ ተጠርቶ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ማታ ማታ «በልቻለሁ፣ እትዬ» እያለ እራቱን ተወ።

በቀጠሮው ቀን እኔ ማሸጊያው መሆን ነበረብኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ከምሳ በፊት አሰናበቱን። ቤቴ ብቀመጥ ግድግዳው ሊበላኝ ሆነ። የአክስቴ ልብስ መታጠብ ነበረበትና፣ ደግሞም ጓሮው ከሳሎኑ ሩቅ ነው ብዬ ራሴን አታልዬ በጀርባ በር ጓሯቸው ገባሁ። አንሶላ ማስጣት ጀመርኩ። የረሳሁት የአክስቴን ጆሮ ነው።

ስልኩ ጠራ። አክስቴ ካልሰሙ አይሆንምና ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። የሴትዮዋ ድምፅ በመስኮት ወጥቶ፣ ጓሮውን አልፎ፣ መንገድ ላይ ሳይሰማ አልቀረም።

«አቶ ፌሌቲ፣ ባለፈው የተናገሩትን ማስተካከል እንደሚፈልጉ ተነግሮኛል።»

«መልስ!» አሉ አክስቴ።

«አዎ» አለ ፌሌቲ።

«ጮክ በል፣ አልሰማሁህም!»

«አዎ!» ብሎ ጮኸ የእናቴ ልጅ።

«እህትዎና አቶ ሶሳያ እንደ ባልና ሚስት ነበር የሚኖሩት?»

«ነበር።»

«በምን አወቁ? አላየሁም ብለው ነበር።»

እግሬ ይሂድ ብዬ አዘዝኩት። አልሄደም። አንሶላውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አላየሁም» አለ ፌሌቲ። «እሰማለሁ። የማድ ቤቱና የጋራዡ ግድግዳ አንድ ነው። ሶሳያ የነበረ ጊዜ እትዬ ይዘፍኑ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ሲዘፍኑ ሰምቻቸው አላውቅም። ያን ጊዜ ሳህን እያጠቡ ይዘፍኑ ነበር። ይስቁ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።»

«ጮክ በል!»

«ይስቁ ነበር!» አለ ጮክ ብሎ። «እሱ ሲሄድ ዘፈኑም ሳቁም ቆመ። አሁን ሻወር ቤት ገብተው ውኃ ከፍተው ያለቅሳሉ። እኔ እንዳልሰማ ነው ውኃውን የሚከፍቱት። እኔም መስማቴን እንዳያውቁ ሬዲዮ እከፍታለሁ። የእሱን ሸሚዝ ለብሰው ነው የሚተኙት፤ ጧት ቆሻሻ ሲያወጡ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። አልጋ ላይ አይተኙም። ሶፋው ላይ ነው የሚተኙት።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ጠየቀች፣ «አንድ አልጋ ነበር፣ አቶ ፌሌቲ?»

እግዚአብሔር ይወቅላት፣ ሥራዋ ነው። ፌሌቲ ግን ትንፋሹ ሲቆራረጥ እኔ ድረስ ተሰማኝ። አክስቴ እንኳ «ጮክ በል» አላሉትም።

«አንድ ነው» አለ። «ለሰርጉ ሃአፓይ ሄደው ሳሉ የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ሲመጡ እንዳይቸገሩ ብዬ። እኔ መሆኔን አያውቁም።»

አልጋውን የገጣጠሙት የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው ብዬ ነበር። ኬክ ጋግሬ ወስጄላቸዋለሁ እኮ፤ እነሱም ዝም ብለው በሉት።

ስልኩ ሲዘጋ ፌሌቲ ብድግ ብሎ አየር ፍለጋ ወደ መስኮቱ መጣ። እኔ እዚያ ነኝ። ፊቴ በእንባ ርሷል፣ መደበቂያ የለኝም። ተያየን። በሕይወታችን ከልጅነት ወዲህ እንደዚያ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ፊቱ ደም ሲለብስ አየሁት። «ወንድሜ» ልለው አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን ባርኔጣውን ደፍቶ በፊት ለፊቱ በር ወጥቶ ነበር።

ቤት ስደርስ ጋራዡ ተጠርጓል። ልብሱ የለም፣ ሬዲዮው የለም፣ ምንጣፉ የለም። ወለሉን ጠርጎ ነው የሄደው። ግሪፍዝ የሚባል የብርቱካን አገር ሄዶ ትራክተር መንዳት ጀመረ አሉኝ። ደወልኩለት። አነሳው። ድምፄን ሲሰማ «እትዬ» አለ፤ ከዚያ ሞተር ብቻ ይሰማኛል። «ፌሌቲ፣ ምንም አልሰማሁም፤ ገና መግባቴ ነበር» ብዬ ዋሸሁ። ሁለታችንም ውሸት መሆኑን እናውቃለን። ሞተሩ ሲንተከተክ ቆየና ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አያነሳም።

ለአክስቴ ግን ይደውላል። «'እትዬ ደህና ናቸው?' ይላል» ይሉኛል።

«ይምጣ በሉት።»

«ብዬዋለሁ። 'በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?' ይላል።»

«እዘዙታ! እርስዎ ካዘዙት...»

«አንዴ አዘዝኩት እኮ ልጄ» አሉኝ። «ምን እንደሆነ አየሽው።»

ቪዛው ተፈቀደ። ግሌንዳ ስትደውልልኝ በደስታ ጮኸች፤ እኔም ጮኽሁ፤ ማሸጊያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሶሳያን ሜልቦርን ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ሊወጣ በሩ ጋ ሳየው ሁለት ልጆች ገፍትሬ ነው የሮጥኩት፣ ለእናታቸው ይቅርታም አልጠየቅኋት። ከስቷል፣ ትንሽ ሸብቷል፣ የእኔ ነው። ሌሊቱን ሁሉ እጁን ይዤ ተኛሁ፤ አልጋው ላይ።

ደስታዬን አልክድም። ሰው ባሉን አግኝቶ ቢያማርር ጡር ነው። ግን ሳህን ሳጥብ አፌ ለዘፈን ሲከፈት፣ ማንም ከግድግዳው ማዶ እንደሌለ ትዝ ይለኛል፤ ዘፈኑ ይጠፋብኛል። ሶሳያ አንድ ቀን «ጋራዡ ውስጥ መረብ ላስቀምጥ?» ሲለኝ ያለ ጥፋቱ ጮኽሁበት። ግራ ገብቶት ቆመ። ባሌ አጠገቤ ቆሞ፣ ዕቅፍ ሊያደርገኝ እጁን ዘርግቶ፣ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ይህንንስ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ያመለክቱታል?

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ምሳ በላን። ሶሳያ የአክስቴን ሳህን እየሞላ፣ እየጮኸ፣ «ፌሌቲ መቼ ነው የሚመጣው?» አላቸው። እሱ የሄደው ለሥራ ነው የሚመስለው፤ እውነቱን ነግሬው አላውቅም፤ የወንድሜን ሐፍረት ለባሌም ቢሆን አላወጣም።

«እኔ ስሞት!» አሉ አክስቴ፣ እየሳቁ።

ሶሳያም ሳቀ። አክስቴ ግን ወደ እኔ ዞረው ጉልበቴን ያዙኝ። «ቀልዴን አይደለም። የአባቱ እህት ስትሞት መቅረት አይችልም። በወጋችን የወንድሜ ልጆች ሁላችሁም ያረጀ ምንጣፍ ለብሳችሁ፣ ጓሮ ድስት አጠገብ ነው የምትቀመጡት። አንቺም እዚያ ነሽ፣ እሱም እዚያ ነው። ያኔ ታዪዋለሽ። እስከዚያ ታገሺኝ እንግዲህ፣ ልሙትልሽ ብዬ አልጋ ላይ አልወጣም።»

«ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ አክስቴ፣ ምን ማለትዎ ነው» አልኩ።

ዓይኔ ግን ወርዶ እግራቸው ላይ አረፈ። ካለፈው ሳምንት የበለጠ አብጧል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እያየሁት ነበር።